ጠዋት ቢጫ፣ ማታ ነጭ

እስቲ ጠጋ በሉ፤ የአንዲት ልጅና የአንድ ላፕቶፕ ነገር ልንገራችሁ።

ልጅቱ የሰርግ አልበም ሠሪ ናት። አዲስ አበባ፣ አራት ኪሎ፣ ፎቅ ላይ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ነው የምትሠራው። ካሜራ ይዛ ሰርግ ቤት አትሄድም። ፎቶ አንሺዎቹ አንስተው ያመጡላትን እሷ ትመርጣለች፣ ታርማለች፣ በገጽ በገጽ ታደራጃለች፣ ከዚያ ወደ ማተሚያ ትልካለች። ጥር ሲገባ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም። ዐቢይ ጾም ሳይገባ ሁሉም ልጁን መዳር ስለሚፈልግ ሰርግ በሰርግ ላይ ይደረባል፤ አልበሙም በአልበም ላይ።

ከዚህ ሁሉ ሥራ ከባዱ የቱ ነው ብትሏት፣ ፊት ነው ትላችኋለች። የሙሽራ ፊት። ሜካፑ አለ፣ የአዳራሹ አምፖል ቀለም አለ፣ ከጎን ደግሞ ነጩ ቬሎ አለ። ፊቱን ሞቅ ላድርገው ሲሉ ቬሎው ወደ ቢጫ ይሄዳል፤ ቬሎውን ላንጣው ሲሉ ጠይሙ ፊት አመድ የነፋበት ይመስላል። በሁለቱ መሀል ያለችውን ቀጭን መስመር በዓይኗ ነው የምታገኛት፤ ዓይኗ ደግሞ የሚያየው ስክሪኑ ያሳየውን ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ታሪኩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ቀን የሙሽራዋ እናት የታተመውን አልበም ይዘው መጡ። ጠረጴዛው ላይ ዘረጉትና ገጽ ገለጡ፣ ሌላ ገጽ ገለጡ፣ ቆሙ።

«የኔ ልጅ፣ ልጄ በሰርጓ ቀን ታማ ነበር እንዴ?»

ልጅቱ አየች። ሙሽራዋ ከንፈሯም ጉንጯም ሰማያዊ ሆኗል፤ ብርድ ላይ ያደረች ትመስላለች። ቀጣዩን ገጽ ስትገልጠው ግን ያቺው ሙሽራ፣ በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ሰዓት ተነስታ፣ ደምግባቷ ሙሉ ነው። ከዚያ ደግሞ ሦስት ገጽ ሰማያዊ። ከዚያ ሁለት ገጽ ደህና።

«እትዬ፣ ጥፋቱ ከየት እንደሆነ አጣርቼ አሳትመዋለሁ» አለች። ማተሚያ ቤቱ ዘንድ ሄደች። እነሱ ፋይሉን ከፍተው አሳዩዋት፤ የላከችላቸው ራሱ ሰማያዊ ነው። ደግነቱ ተጣልታ አልተመለሰችም፤ እያሰበች ተመለሰች። ላፕቶፑ አንዳንዴ ቢጫ እንደሚሆንባት ካወቀች ሰነባብታለች። አንዳንዴም ማንም ሳይነካው ይፈዛል፣ ከዚያ ደግሞ ይፈካል። ሥራ በዝቶባት ችላ ብላው ነው እንጂ አይታዋለች።

ላፕቶፑ አሜሪካ ያለው ወንድሟ ሲጠቀምበት ቆይቶ በሰው እጅ የላከላት ነው። ዊንዶውስ የተጫነበት፣ ጥሩ ማሽን ነው።

እንግዲህ ጥገና ፍለጋ ወጣች። የመጀመሪያው ቤት ስትደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። ተከፈተ፤ ስክሪኑ ነጭ! ምንም የለበትም። ነገሩን በቃል አስረዳች። «ስክሪኑ ሊሞት ነው፣ ይቀየር» ተባለች። በማግስቱ ሌላ ቤት፣ እንዲሁ ከሥራ በኋላ ሄደች። አሁንም ነጭ። «ፎርማት ይደረግ» ተባለች። የስንት ሙሽራ ፎቶ የተቀመጠበትን ማሽን ፎርማት ላስደርግ? እምቢ ብላ ወጣች።

እዚህ ላይ ሐሳቤን ሳልናገር አላልፍም። ስክሪን መቀየር ጥገና ነው፣ ፎርማት ማድረግም ጥገና ነው፤ ግን ሁለቱም የሚመጡት መጨረሻ ላይ ነው። ቀለሙ የተለወጠ ስክሪን በመጀመሪያ የሚፈልገው ጥያቄ ነው፤ መቼ? የት? ምን ሲከፈት? ቻርጀር ላይ ነው ወይስ በባትሪ? ይህን ሳይጠይቅ መፍቻ የሚያነሳ ሰው የደንበኛውን ገንዘብ ይዞ ይቆማርበታል።

ሦስተኛው ቤት ዕድሜያቸው ገፋ ያሉ ሰው ነበሩ። ላፕቶፑን አልተቀበሏትም፤ ወንበር ሰጧት።

«ጋሼ፣ ስክሪኑ ቢጫ ይሆናል።»

«ሁልጊዜ ነው?»

«አንዳንዴ ነው። እ… ጠዋት ጠዋት ይመስለኛል።»

«ጠዋት ነው የሚታመመው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ጠዋት ይዘሽው ነይ። ያልታመመ ሰው አይመረመርም። አልበሙንም አምጪው።»

በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ደረሰች። ላፕቶፑ ተከፈተ፤ እነሆ ቢጫ። ነጩ ገጽ የቆየ ወረቀት መስሏል። ሰውየው ፊታቸው በራ። ጉድለት ፊት ለፊት ሲገኝ ግማሹ ሥራ አልቋል።

መጀመሪያ ክዳኑን በቀስታ ወደፊት ወደኋላ አንቀሳቀሱት። ቢጫው አልተነቃነቀም። ቀጥለው «ስክሪንሾት አንሺና በቴሌግራም ወደ ስልክሽ ላኪው» አሏት። ላከች። ስልኳ ላይ ሲከፈት ምስሉ ነጭ ነው።

ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ስክሪንሾት የሚያነሳው ኮምፒውተሩ ያዘጋጀውን ምስል ነው፤ መስታወቱ ላይ የሚታየውን አይደለም። ምስሉ ውስጥ ቢጫ ከሌለ፣ ቢጫው የተጨመረው ምስሉ ተዘጋጅቶ ካለቀ በኋላ፣ ወደ ስክሪኑ በሚሄድበት መንገድ ላይ ነው። መንገዱ ደግሞ አጭር አይደለም። ግራፊክሱ አለ፣ በማጠፊያው ውስጥ የሚያልፈው ቀጭን ኬብል አለ፣ ፓነሉ አለ፣ ከፓነሉ ጀርባ ያለው መብራት አለ።

ስለዚህ መንገዱን መቁረጥ ጀመሩ። ጥግ ላይ የነበረውን አሮጌ ሞኒተር በኤችዲኤምአይ ኬብል አገናኙት። ያኛውም ቢጫ ሆነ! በሌላ ስክሪን፣ በሌላ ኬብል፣ ያው ቢጫ። የላፕቶፑ ፓነል ነጻ ወጣ፤ ስክሪን ይቀየር የተባለው ምክርም እዚህ ላይ አበቃ። ከዚያ አጥፍተው አበሩትና ዊንዶውስ ሳይነሳ ወደ ማሽኑ የውስጥ ሴቲንግ ገቡ። ነጩ ፊደል ነጭ፣ ግራጫው ግራጫ። ከዚያ ወጥተው ዊንዶውስ ሲነሳና የልጅቱ ስም ሲገባ ቢጫው ተመልሶ መጣ።

«ዊንዶውስ ውስጥ ነው ያለው። አልበሙን ስጪኝ።»

ልጅቱ አልበሙን ዘረጋች። ሰማያዊዎቹን ገጾች ቁጥራቸውን በብጣሽ ወረቀት ጻፉ። ከዚያ ፋይሎቹ ያሉበትን ፎልደር ከፍተው በተቀመጡበት ሰዓት አሰለፏቸው። ጣታቸው በዝርዝሩ ላይ ወረደ፣ ወረደ፣ ቆመ። መነጽራቸውን አውልቀው አዩዋት።

«የኔ ልጅ፣ እንቅልፍ የለሽም እንዴ?»

«አለኝ፤ ምነው ጋሼ?»

«ይሄ ፋይል የተቀመጠው 3፡40 ኤኤም ላይ ነው ይላል። በእኛ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ማለት ነው። ይሄኛው 4፡15 ኤኤም። ይሄም ሌሊት ነው።»

ልጅቱ ሳቀች። «ኧረ ጋሼ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከአርባ ነው! የላፕቶፑ ሰዓት የእኛ ነው። ከሥራ ባልደረቦቼ አንዱ አስተካክሎልኝ ነው።»

ሰውየው ወረቀታቸውን እንደገና ተመለከቱ። ሰማያዊዎቹ ገጾች በሙሉ ከ7፡00 ኤኤም በፊት የተቀመጡ ናቸው። ከዚያ በኋላ ከተቀመጡት አንድም ሰማያዊ የለም።

አሁን የሆነውን ልንገራችሁ። ወንድምየው አሜሪካ ሳለ ማታ ማታ ዓይኑን እንዳያደክመው ናይት ላይት የሚባለውን ሴቲንግ ከፍቶታል፤ ከምሽቱ 9፡00 ፒኤም እስከ ጠዋት 7፡00 ኤኤም ስክሪኑ ሞቅ ወዳለ ቀለም እንዲሄድ። ማለፊያ ነው። ላፕቶፑ አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ ባልደረባዋ ሰዓቱ እንደ እኛ አቆጣጠር እንዲያነብላት ፈለገ። ዊንዶውስ የኢትዮጵያን ሰዓት አቆጣጠር ስለማያውቅ ዘዴ ዘየደ። ትክክለኛው የሰዓት ክልል ናይሮቢ የሚለው፣ ከዓለም አቀፉ ሰዓት 3 የሚቀድመው ነው። እሱ ግን ስድስት ሰዓት ወደኋላ ሄዶ ብራዚሊያን መረጠ፣ 3 ወደኋላ የሚቀረውን። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን ላፕቶፑ 3፡00 ይላል። እሱም ማለፊያ ነው።

ሁለቱ ደግነቶች ግን ሲገናኙ ቀኑን ገለበጡት። ላፕቶፑ ጠዋት ሦስት ሰዓትን ሌሊት አድርጎ ያነበዋል፤ ሌሊት ነውና ስክሪኑን ቢጫ ያደርገዋል። በእኛ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ እስከ ቀኑ ሰባት ሰዓት ይቆያል። ልጅቱ ለምሳ ወጥታ ስትመለስ ነጭ ሆኖ ይጠብቃታል። ማታ፣ ሰው ሁሉ ስክሪኑን በሚያደበዝዝበት ሰዓት፣ የእሷ ወለል ብሎ ይበራል። ጥገና ቤት የምትሄደውም ከሥራ በኋላ ስለሆነ ማንም ሳያየው ቀረ።

ግን ቢጫ ስክሪን እንዴት ሰማያዊ ሙሽራ ይወልዳል? ጥያቄው ይገባችኋል፤ እኔም መጀመሪያ ስሰማው የጠየቅሁት ይህንኑ ነው።

ስክሪን ላይ የምናየው ቀለም ሁሉ ከሦስት የተሠራ ነው፣ ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ። 1920 በ1080 የሆነው የተለመደው ስክሪን ከሁለት ሚሊዮን በላይ ነጥቦች አሉት፤ እያንዳንዷ ነጥብ ደግሞ እነዚህን ሦስቱን ይዛለች። ናይት ላይት ሲነሳ ሰማያዊውን በብዛት፣ አረንጓዴውን በመጠኑ ይቀንሳል። የብርሃን ሙቅና ቀዝቃዛ ቀለም በኬልቪን ይለካል። የስክሪን ነጭ እንዲሆን የሚፈለገው 6500 አካባቢ ነው፤ የሻማ ብርሃን ግን 1900 አካባቢ ነው። ናይት ላይት ስክሪኑን ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው አቅጣጫ ይጎትተዋል።

ልጅቱ በዚያ ስክሪን ፊት ጠዋት ትቀመጣለች። የሙሽራዋ ፊት ቢጫ ነው፣ ቬሎውም ቢጫ ነው። አምፖሉ ያመጣው መስሏት ቢጫውን ትቀንሳለች፣ ሰማያዊውን ትጨምራለች፣ ቬሎው ነጭ እስኪሆንላት ድረስ። ስክሪኗ ላይ ያምራል። ፋይሉ ውስጥ ግን የገባው የተረፈው ሰማያዊ ነው። ማተሚያው ናይት ላይት የለበትም፤ የተሰጠውን አተመ።

የባሰው ደግሞ ዓይን ነው። ዓይናችን ለብርሃን ቀለም ይለማመዳል። ቢጫ አምፖል ያለበት ቤት ውስጥ ጥቂት ስንቆይ ነጭ ሸማ ነጭ ሆኖ ነው የሚታየን። ቢጫ ስክሪን ፊት ለሰዓታት የተቀመጠችው ልጅም እንዲሁ ቢጫነቱን መርሳት ትጀምራለች፤ ግን ሙሉ በሙሉ አትረሳም። ስለዚህ አንዱን ገጽ በብዛት ታርማለች፣ ሌላውን በጥቂት። ሰማያዊዎቹ ገጾች እንኳ ሰማያዊነታቸው እኩል ያልሆነው ለዚህ ነው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጠዋት የሠራችውን በነጭ ስክሪን ስታየው ትደነግጥና አንዳንዱን ትመልሰዋለች። ጊዜ ካላት። በጥር ግን ጊዜ ከየት ይመጣል?

ይህችን ልጅ ብቃት የላትም ያለ ሰው ቢኖር በጣም ይበድላታል። ዓይኗ ትክክል ነበር፣ እጇም ትክክል ነበር። የዋሻት መስታወቱ ነው።

የስክሪንን ቀለም በሰዓት የመለወጥ ሐሳብ አዲስ አይደለም። ኤፍ ዶት ላክስ የተባለው ፕሮግራም በ2009 ወጥቶ በብዙ ሰው ኮምፒውተር ላይ ገባ። በ2017 አፕል ናይት ሺፍትን ለማክ አመጣ፤ ማይክሮሶፍትም በዚያው ዓመት ናይት ላይትን ዊንዶውስ 10 ውስጥ ከተተው። በ2018 የወጡት ማክቡክ ፕሮዎች ደግሞ ትሩ ቶን የሚባል ጨመሩ፤ እሱ ሰዓት አይጠብቅም፣ የክፍሉን ብርሃን ቀለም በሴንሰር እየለካ ነጩን በዚያ ልክ ያስተካክላል። ለሚያነብ ሰው ምቹ ናቸው። ቀለም ለሚያርም ሰው ግን ሥራው ላይ እያለ ሁሉም መዘጋት አለባቸው።

ሰውየው ይህን እያስረዱ ሳለ መብራት ጠፋ።

ጣሪያው ላይ ያለው አምፖል ጨለመ፣ አሮጌው ሞኒተር ጠፋ፣ ላፕቶፑ ባትሪ ላይ ወደቀ። ወዲያው ስክሪኑ ፈዘዘ። ልጅቱ «ይኸውልዎት! ይሄም አለ!» ብላ ተነሳች።

«ተቀመጪ፣ ጥሩ ጊዜ ነው የጠፋው» አሉ። መጀመሪያ የፈዘዘው ምክንያቱ ቀላል ነው። ዊንዶውስ የብርሃኑን ልክ ለቻርጀርና ለባትሪ ለየብቻ ሊያስቀምጥ ይችላል፤ እንዲያ ሲሆን ባትሪ ላይ ሲወድቅ የባትሪውን ያነሳል። ባትሪው ሊያልቅ ሲል የሚነሳው ባትሪ ሴቨር ደግሞ በራሱ ተጨማሪ ይቀንሳል። ብርሃኑን በእጃቸው ወደ ላይ መለሱትና «አሁን የመልሱን ፎቶ ክፈቺ» አሏት።

ከፈተች። ሙሽሮቹ ጥቁር ካባ በወርቅ ጥልፍ ለብሰው፣ ከኋላቸው ጨለማ። ፎቶው ስክሪኑን ሲሞላው መላው ብርሃን ቀስ እያለ ወረደ፤ የካባው ጥቁር ግን ገርጥቶ ወደ ግራጫ ሄደ። «አሁን ነጭ ገጽ ክፈቺ።» ከፈተች። ብርሃኑ ቀስ እያለ ወጣ። ወደ ካባው ሲመለሱ ወረደ። ማንም ምንም አልነካም።

ይሄኛው ናይት ላይት አይደለም። የአብዛኛው ላፕቶፕ ስክሪን በራሱ አይበራም፤ ከጀርባው መብራት አለው። ዱሮ መብራቱ ሜርኩሪ ያለበት ቀጭን የመስታወት ቱቦ ነበር፤ ሲያረጅ ስክሪኑን ቀላ ያደርገው ነበርና ሰውየው በዚያ ዘመን የሞተ መብራት ከቀለሙ ያውቁት ነበር። አሁን ኤልኢዲ ነው፤ ያውም ሰማያዊ ኤልኢዲ፣ ቢጫ ፎስፈር ተቀብቶበት ነጭ የሚመስል። ሰማያዊውን ኤልኢዲ ላስገኙት ለሦስቱ የጃፓን ተወላጆች፣ ለአካሳኪ፣ ለአማኖና ለናካሙራ፣ የ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት የተሰጠው በከንቱ አይደለም፤ እኛ ዛሬ በዚያ ብርሃን ነው የምናነበው።

ይህ የጀርባ መብራት ከባትሪው ብዙ ይበላል። ስለዚህ ግራፊክስ ሠሪዎቹ አንድ ብልሃት ፈጠሩ። ስክሪኑ ላይ ያለው ምስል ጨለማ ከሆነ የጀርባውን መብራት ቀንስ፤ ሰው እንዳያስተውለው ደግሞ ነጥቦቹን በዚያው ልክ አፍካቸው። ኢንቴል ላይ ዲስፕሌይ ፓወር ሴቪንግስ ይባላል፣ ኤኤምዲ ላይ ቫሪ ብራይት። ዊንዶውስ 11 ራሱም በምስሉ ይዘት ብርሃኑን የሚቀይር የራሱ ሴቲንግ አለው፤ ሊዘጋ፣ ባትሪ ላይ ብቻ እንዲሠራ፣ ወይም ሁልጊዜ እንዲሠራ ይመረጣል። ቻርጀር ሲሰካ የኢንቴሉ አይሠራም። ልጅቱ ጉዳዩን ይዛ መጨበጥ ያቃታት ለዚህ ነው፤ የሚመጣው መብራት ሲጠፋ፣ ያውም ጨለማ ፎቶ ሲከፈት ብቻ ነውና።

እንግዲህ አስቡት። አንድ የጀርባ መብራት ነው ያለው። እሱን የሚያዝዘው ግን ተጠቃሚዋ፣ ዊንዶውስ፣ ባትሪ ሴቨር፣ ግራፊክሱ፣ በአንዳንድ ማሽን ላይ ደግሞ ካሜራው አጠገብ ያለው የብርሃን ሴንሰር ነው። ሁሉም ለበጎ ነው የሚያዝዘው። አንድ ወጥ ላይ አምስት ሰው ተራ በተራ እየመጣ፣ ያለፈው መጨመሩን ሳይጠይቅ ጨው እንደሚጨምር ማለት ነው። እኔን የሚያስቆጣኝ ደግሞ መጨመራቸው አይደለም፣ ዝም ማለታቸው ነው። የእኔን ስክሪን የሚለውጥ ነገር ሁሉ፣ ሲለውጥ፣ ጥግ ላይ አንዲት ምልክት ሊያሳየኝ ይገባል፤ «እኔ ነኝ የቀነስኩት፣ ካልፈለግሽ እዚህ ንኪኝ» ሊል ይገባል። ናይት ላይት በአንድ ቦታ፣ የኢንቴሉ ሌላ ፕሮግራም ውስጥ፣ የይዘቱ ሌላ ገጽ ላይ ተደብቆ፣ ልጅቱ ሙሽራዋን ሰማያዊ አድርጋ ስትልክ ማንም አይነግራትም። ይህ የሠሪዎቹ ዕዳ ነው።

ሰውየው የኢንቴል ግራፊክስ ኮማንድ ሴንተርን ከፈቱ፤ ሲስተም፣ ከዚያ ፓወር፣ ከዚያ ባትሪ የሚለው ሥር ዲስፕሌይ ፓወር ሴቪንግስን ዘጉት። የዊንዶውሱንም የይዘት ሴቲንግ ዘጉ። ሴንሰር ይኖረው እንደሆነ ካሜራው አካባቢ በጣታቸው ሸፈኑ፤ ምንም አልተለወጠም፣ ሴቲንጉም ላይ ምርጫው የለም። የቀለም ፕሮፋይሉንም አዩ፤ ኤስአርጂቢ ነው፣ በ1996 ኤችፒና ማይክሮሶፍት ያቀረቡት፣ ማተሚያ ቤቱም የሚጠብቀው። እሱን አልነኩም። ከዚያ የካባውን ፎቶ እንደገና ከፈቱ። ብርሃኑ ባለበት ቆመ፣ ጥቁሩም ጥቁር ሆነ።

መብራት እስኪመጣ አንድ ተማሪ ገባ፤ ስክሪኑ ሐምራዊ ሆኖበት። ሰውየው ክዳኑን በትንሹ ወደኋላ ሲያዘነብሉት ሐምራዊው ጠፋ፣ ወደፊት ሲመልሱት መጣ። የእሱ ቴሌግራምም ስክሪንሾትም አላስፈለገውም፤ በማጠፊያው ውስጥ የሚያልፈው ኬብል ላልቷል ወይም ተቆርጧል። ልጅቱ ይህን አይታ የገባት ገባት። የክዳን እንቅስቃሴ ከለወጠው ገመድ ነው፤ ሰዓት ከለወጠው ሴቲንግ ነው።

ስልክም ተደወለ። የቢሮ ሒሳብ ሠራተኛ ናት፣ ስክሪኗ ድንገት ጥቁርና ነጭ ብቻ ሆኗል። «እስቲ ዊንዶውስን፣ ኮንትሮልንና ሲን አንድ ላይ ተጫኚ» አሏት። ቀለሙ ተመለሰ። ቀለም ለመለየት ለሚቸገሩ ሰዎች የተሠራውን ፊልተር ሳታውቀው በጣቷ አስነስታው ነበር። ስክሪኑ ቀለሙ ተበላሽቶ ወይም ቆሞ ሲቀር ደግሞ ዊንዶውስ፣ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ቢ አንድ ላይ ቢጫኑ የግራፊክሱን ድራይቨር እንደ አዲስ ያስነሳዋል፤ ያልተቀመጠ ሥራም አይጠፋም። ይህን ለልጅቱ በወረቀት ጻፉላት።

መብራት መጣ። የቀረው ናይት ላይት ነው።

«በቃ ሰዓቱን ወደ ናይሮቢ ልመልሰው» አሉ።

«ኧረ ጋሼ፣ ሰዓቴን አይንኩብኝ! በእሱ ነው የምሠራው። ከማተሚያ ጋር፣ ከፎቶ አንሺ ጋር የምቀጣጠረው በእሱ ነው።»

ሰውየው አሰቡና እሺ አሉ። እኔም በዚህ ከእሷ ጋር ነኝ፤ ሰው በገዛ አገሩ ጠዋትን አንድ ሰዓት ብሎ የሚጀምር ማሽን ቢፈልግ ምን ነውር አለው? ብራዚሊያ እንዳለ ቀረ። «ማታ ስንት ሰዓት ላይ ነው ፊት ማረም የምታቆሚው?» ብለው ጠየቋት። «ሦስት ሰዓት ላይ። ከዚያ በኋላ ጽሑፍና ገጽ ማደራጀት ነው።» ናይት ላይቱን ከ3፡00 ፒኤም እስከ 1፡00 ኤኤም አደረጉት። ላፕቶፑ ከሰዓት በኋላ ነው ብሎ ያስባል፤ አዲስ አበባ ግን ማታ ሦስት ሰዓት ነው፣ የሚያበቃውም ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው።

ልጅቱ ከሰባት ሰዓት በፊት የተቀመጡትን ፋይሎች አንድ በአንድ አውጥታ እንደገና ሠራቻቸው። የታተመው አልበም ላይ ያሉት ደህና ገጾች ከጎኗ ተዘርግተው መለኪያ ሆኑላት። ሁሉንም ከመላኳ በፊት አንድ የፊት ገጽ ብቻ በሙከራ አሳተመች፤ ይዛው ወደ መስኮቱ ሄዳ በቀን ብርሃን አየችው። ትንሽ ቀይ በዝቷል። ቀነሰችና ላከች።

ለሌሎቹ ደንበኞቿም ደወለች። በዚያው ጥር ጠዋት ጠዋት የሠራቻቸው ሌሎች አልበሞች ነበሩ፤ ሁለቱ ገና አልታተሙም ነበርና ከማተሚያው አስቆመቻቸው። የመጀመሪያዋ ሙሽራ እናት አዲሱን ተቀብለው ገጽ በገጽ አዩት፤ ለአማቾቿ የሚሆን አንድ ቅጂ ደግሞ ይታተምልኝ ብለው አዘዙ።